ከድልድዩ ቀጥሎ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ በርበሬ መቀንጠስ ነበር። ከቡታጅራ ገበያ የማረቆ ዛላ ገዝተን፣ በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀመጥን። ባለቤቴ የሳይንስ መምህር ነበር፤ እጁ ለጥቃቅን ነገር የሠለጠነ ቢሆንም ለበርበሬ ግን አልሆነም። በዚያው እጁ ዓይኑን አሽቶ እንባው ይወርድ ጀመር።

«ሂድና ታጠብ» አልኩት።

«ልታጠብ ከሄድኩማ ብቻዬን ቀነጠስኩት እያልሽ ዓመቱን ሙሉ ልትነግሪኝ ነው» አለኝ።

ማታ ብርድ ብርድ አለው። ነገ ይለቀዋል ብለን ተኛን፤ ግን አልለቀቀውም። ጥምቀት ሳይደርስ ቀበርነው። በርበሬውን ያስፈጨሁት ለተዝካሩ ነው።

ስለ ሕመሙ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም ስለጠየቀው ነገር ግን ቀስ እያልኩም ቢሆን መጻፍ እችላለሁ።

ሁለታችንም የዚህ አገር ተወላጆች አይደለንም። እሱ በመምህርነት ከሰሜን ተመድቦ ሲመጣ ተከትዬው መጣሁ። ጎረቤታችን በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጂ እያለ ይጠራቸዋል። የመንገድ ሥራ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሳቸው ናቸው። በሰፈሩ ደህና ራዲዮ ያለው ሱቃቸው ውስጥ ስለነበር፣ አሜሪካኖች ጨረቃን የረገጡ ጊዜ ወሬውን የሰማነው እዚያ ቆመን ነው። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግማሹ አልተሰማንም።

ዜናው ሲያልቅ ሐጂ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች የምድሩን መንገድ ጨርሰው ነው ወደ ላይ ያሻቀቡት?»

«አልጨረሱም ሐጂ። እነሱም ዘንድ ድሃ አለ።»

«ታዲያ ገንዘቡ ለዚህ ይሁን ያለው ማነው? ደግሞ ንጉሥ የላቸውም ይባላል።»

ባለቤቴ መልሱን አያውቅም ነበር። የማያውቀውን ነገር ሲጠይቁት ደስ ይለው ነበርና በዚያው ሳምንት በትምህርት ቤቱ የሚያስተምረውን አሜሪካዊ ወጣት እራት ጠራው። እንግዳው ክትፎውን እየበላ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳን። አገሩ ለሕዋ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት አላት። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገውን ሁሉ መሥራት ስለማይችል፣ ሊቃውንቱ ማወቅ የሚፈልጉትን ነገር እየጻፉ ያቀርባሉ። የሙያ ጓደኞቻቸው ተሰብስበው ጥያቄው የቱን ያህል እንደሚጠቅም፣ ጠያቂውም ሊወጣው ይችል እንደሆነ ይመዝናሉ። የራሱ ጥያቄ የሚታይበት ሰው ከመዛኞቹ መካከል ካለ ከክፍሉ ይወጣል። የተመረጡት በተራቸው ይደረደራሉ፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱም ይቆርጣል።

«መልካም ሆነው የሚቀሩ ጥያቄዎች አሉ ማለት ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ብዙ» አለ ልጁ።

ባለቤቴ ያንን ቃል ይዞ ሰነበተ። ለትምህርት ቤቱ አንድ ቴሌስኮፕ ለማስመጣት ያሰበውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ልጆች የጨረቃን ጉድጓዶች በገዛ ዓይናቸው የሚያዩበት፣ በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያ። ለልጆች ዓይን ተብሎ መንግሥትን መጠየቅ ሞኝነት እንደሆነ ያውቅ ነበር። የቀረው ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ለመንገድ የተቋቋመ ቢሆንም ከዚያ ቀደም ለትምህርት ቤቱ ክፍል አሠርቷል።

ማኅበሩ ትልቁን ጉባኤ የሚያደርገው አዲስ አበባ የሚነግደው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ነው። ከከተማው ዳር ባለው ዋርካ ሥር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ለውሳኔ የቀረበው አንደኛው ጉዳይ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው የሚወስደው ወንዝ ድልድይ ነበር። ሁለተኛው የባለቤቴ ቴሌስኮፕ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ወደ ዳር ቆሜ ነበር።

ባለቤቴ አሳምሮ ተናገረ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለ ኮት ነጋዴ አቋረጠው፤ «መምህር፣ ጨረቃን እስከ ዛሬ በነጻ ስናያት አልነበረም እንዴ?» ሰው ሳቀ፣ ባለቤቴም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ግን፣ «እኔ ይህን ያህል ዕድሜ አይቻት ምን አወቅሁ? የልጅ ልጄ ለምን እንደምትጎድል ትናንት ነገረኝ» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ወደ እሱ ሲያደላ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ባርኔጣውን አነሣ፣ እጅ ነሣና ከጥላው ወጥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ስለ ድልድዩ መናገር ጀመሩ። ስለ ቴሌስኮፑ ያነሣ ሰው አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ሐጂ ቤታችን መጡ። አልቀመጥም አሉ።

«መምህር፣ በምን አስቀየምንዎት?»

«ምን አስቀየማችሁኝ? ጠያቂው እኔ ነኝ። ፊቴን እያያችሁ እንዳታፍሩ ብዬ ወጣሁ።»

ሐጂ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «እኛ ዘንድ ጉዳዩን ያቀረበ ሰው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። ፊቱን እያየን ነው የምንፈርደው። ተነሥቶ ከወጣ ጥያቄውን ሰረዘው ማለት ነው። ሁሉም ሰው መምህር ለድልድዩ ብሎ ተወው አለ፤ እንዲያውም መረቁዎት።»

«አሁን ሄጄ ልንገራቸው?»

«በምርቃት ተዘግቷል። በምርቃት የተዘጋ እስከ ከርሞ አይከፈትም።»

ሐጂ ከሄዱ በኋላ እራት ቀርቦ ሳለ ባለቤቴ፣ «እነዚያ አሜሪካኖች ጠያቂውን የሚያስወጡት ፊቱን አይተው እንዳያዳሉ ነው። እነዚህ የሚያስቀምጡት ሰው መሆኑን እንዳይረሱ ነው። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም» አለ። ቀጥሎም፣ «ለከርሞ እቀመጣለሁ» አለ።

ከርሞን አላየም።

መስቀል ሲመጣ ጉባኤው ላይ ማን እንደሚቀመጥለት አሰብኩ። ለሐጂ ነገርኳቸው። ሴት አቅርባ አታውቅም አሉኝ፤ ትንሽ አሰቡና፣ «የሟች ጉዳይ ከሆነ ግን ማን ይከለክላል?» አሉ። ጥቁሬን እንደለበስኩ ዋርካው ሥር በርጩማ ሰጡኝ። ድምፄ ስለማይወጣ ያልኩትን ሐጂ ጮክ ብለው ደገሙልኝ። ያ ባለ ኮት ነጋዴ ዘንድሮም መጥቶ ነበር።

«እትዬ፣ አይክፋዎትና መምህሩ የሉም። መሣሪያው ቢመጣስ ማን ያሳያል?»

«ያስተማራቸው ልጆች» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሚናገሩት በራሳቸው ቋንቋ ስለነበር ብዙውን አልተከታተልኩም። ፀሐይዋ ዞራ ጥላው ከላዬ ሄደ። አንዲት ሴት ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ። መነሣት ፈልጌ ነበር፤ ወገቤን አሞኝ ነበር። አልተነሣሁም።

ምርቃቱ ሲያልቅ ሐጂ ወደ እኔ መጡ። «ድልድዩ ገና ግማሽ ነው፤ እሱ ይቀድማል። ቴሌስኮፑ ከድልድዩ ቀጥሎ ተብሏል» አሉኝ።

«ቀጥሎ ማለት መቼ ነው?»

«ድልድዩ ሲያልቅ ነዋ።»

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያዘንኩ ይሁን ደስ ያለኝ ለይቼ አላውቅም። አሜሪካዊው ወጣት የነገረንን፣ በተራ መደርደር ያለውን አሰብኩ። የባለቤቴ ጥያቄ ቢያንስ ተራ ይዟል።

ድልድዩ የሚሠራው በማኅበሩ ሰዎች ጉልበት ነው። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ይገነባሉ፤ ሴቶቹ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ያመላልሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ከእነሱ ጋር ድንጋይ እሸከማለሁ።