ለተቆጣጣሪው የቀረበ ውሃ

ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆጣጣሪ በሩ ላይ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከጎኑ፣ በሠፈሩ ሻይ የምትሸጠው ሶማሊ ሴት ከመስኮቱ ውጭ፣ እኔ ሹሙ ካስመጣው አልጋ አጠገብ ቆመናል። ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ለጎርፍ ተጎጂዎች የተሠራ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን የምኖርበትን ቤት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወስዶት ነበርና፣ ሹሙ «ዛሬ ነዋሪ ሆነሽ ጠብቂ፤ ቤቱ ያንቺ ይሆናል» ስላለኝ ጠዋት ወለሉን አጠብኩ።

ተቆጣጣሪው፣ «እስቲ ውሃ አጠጪኝ፣ እመቤት» አለኝ። በቤቱ ብርጭቆ አልነበረም።

ሻይ ሻጯ በራሷ ብርጭቆ ውሃ ሞልታ በመስኮት አቀበለችኝ። «አቦ፣ ብርጭቆሽን እንኪ! እኔ እኮ ካልጠየቁኝ አልመልስም።»

ተቆጣጣሪው ስቆ ጠጣና ሄደ። ሹሙ ሸኝቶት ሲመለስ፣ «እህቴ፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» አለኝ።

ብርጭቆውን ለባለቤቷ ለሻይ ሻጯ በመስኮት መልሼ ወጣሁ።