ለእባብ የታሸ ዱላ

አዳማ ገበያ ውስጥ አንድ ሻጭ አዲስ ዱላ በቅቤ ሲያሽ፣ ሽታው ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ወደ ደራ መለሰኝ።

አባቴ ወንጌላዊ ነበር። በእርሻ ድንበር የተጣላው ጎረቤታችን በጥፊ ሲመታው ሌላኛውን ጉንጩን አዙሮለት ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ጓሮ ቁጭ ብላ የወይራ ዱላ በቅቤ ስታሽ አገኘኋት።

«ለምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ለእባብ።»

አላመንኳትም። ለእባብ ያገኙትን እንጨት ያነሳሉ እንጂ ማን ቅቤ ያባክናል?

እሑድ አባቴ ስለዚያው ጉንጭ ሲሰብክ እናቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ሁሉም አሜን ሲል እሷ አላለችም። መንገድ ላይ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«ጌታ ጉንጭህን አዙር ያለው ባለ ጉንጩን ነው» አለችኝ። «የእናንተን ጉንጭ አዙሪ ያለኝ የለም።»

የገባኝ ግማሹ ነው። ግን ሁለቱ የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ መሆኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጠራጠርኩ።

ሰሞኑን እዚህ አዳማ የማናውቀው ሰው በራችንን እያንኳኳ ስንከፍት ይጠፋል። ሻጩ ያሸውን ዱላ ገዝቼ ቤት ገባሁ።

«ለምንድን ነው፣ እማዬ?» አለች ልጄ።

«ለእባብ።»

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ዓይኗን ከዱላው ላይ አልነቀለችም።