ከበሩ ሥር የተወተፈው ባና

በኮንዶሚኒየም ቤታችን ስቴክ ስጠብስ፣ ስጋው መጥበሻው ላይ ቸስ ሲል ልቤ ይደነግጥና መስኮቱን እዘጋለሁ።

ልጅ ሳለሁ መሐል ሜዳ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። መምህሩ አባቴ ሳንባውን ታሞ ተኝቷል። ወቅቱ ሁዳዴ ቢሆንም የንስሐ አባታችን «በሽተኛ ነው፣ ስጋ ይብላ» ብለዋል። እናቴ ግን መስኮቱን ጠረቀመች። የአባቴን የሱፍ ባና ከላዩ ገፍፋ ከበሩ ሥር ወተፈችና ቋንጣውን በላምባ ምድጃ ትጠብስ ጀመር።

«ቄሱ ፈቅደው የለ እንዴ?» አልኳት።

«እግዜርስ ፈቅዷል። ያልፈቀደው ጎረቤት ነው።»

ቤቱ በጭስ ታፈነ። አባዬ ውጭ እንዳይሰማ አፉን በትራስ ይዞ ያስላል። በሩ ተንኳኳ። እናቴ መጥበሻውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አከራያችን እትዬ አስካለ ነበሩ፤ እንኳን ሁዳዴን ረቡዕና ዓርብን የማይስቱ ሴት።

«ሽታው ከመጣ ቆይቷል፤ ዝም ብዬ ነበር» አሉ ከውጭ። «ሳሉ ግን አላስቀመጠኝም። ክፈቺ ልጄ፣ ሰውየውን በጭስ ልትጨርሺው ነው?»

ዛሬም ባሌ የተዘጋውን መስኮት እያየ «ኧረ ፍስክ ነው!» ብሎ ይስቅብኛል። ሳቁ መሐል ጭሱ ሲይዘውና ሲያስል ነው ሮጬ የምከፍተው።