የኮሪደሩ ዜና አንባቢ

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ባል በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ሰበር» ነው የምትለው። ማታ ማታ ለጎልማሶች የዜና እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ብሬኪንግ፣ ዴቨሎፒንግ፣ አንፎልዲንግ። ቃላቱን እንደ ጌጥ ለብሷቸው ቤት ይገባል። ድስት ሲያርር «ዴቨሎፒንግ ስቶሪ» ይላል እንጂ እሳቱን አያጠፋም። አፉ ማር፣ እጁ ሽባ!

እህቷ በምጥ ሆስፒታል የገባች ቀን፣ ልብስ ሰፊዋ ጅምር ቀሚስ ከመርፌው ሥር ጥላ እየሮጠች ደረሰች። ሰበር ከረባቱን አስሮ ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ይነካካል።

«እንዴት ናት?»

«ሲቹዌሽኑ ፍሉይድ ነው።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ! ወለደች ወይስ አልወለደችም?»

«ልጁ ተወልዷል። እሷ ግን... ዲቴይሉ ገና ነው።»

አዋላጇ ከበሩ ብቅ አለች። «ደም የሚሰጥ ዘመድ ጥሩ ካልኩ ቆየሁ እኮ! የታሉ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሰበር ዞረች። «ለወንድሞቻችን አልነገርክም?»

«እንዴት አልነግርም!» በኩራት ስልኩን አሳያት። ለቤተሰቡ ግሩፕ እንዲህ ጽፏል፦ «ብሬኪንግ። ከማዋለጃ ክፍል አንፎልዲንግ የሆነ ሁኔታ አለ። በአፕዴት እንመለሳለን።» ከሥሩ ታላቅ ወንድማቸው አውራ ጣት ልኳል፤ ታናሹ «እንኳን ደስ አለን!» ብሏል።

«ደም የሚለው ቃል የታለ?»

«እሱማ ለዜና ይከብዳል። ሰው እንዳይደናገጥ ብዬ...»

«አንተስ ክንድ የለህም?»

«እኔ ኮሙኒኬሽኑን ይዣለሁ።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እንዲህ ላለው ነው ዘፋኝ የሚያንጎራጉረው፦

ምላሱን ሲሞርድ፣ ቃሉን ሲያሰናዳ፣
እሳቱ ተሻግሮ ገባለት ከጓዳ።

በራሷ ስልክ ደወለች። «እህታችሁ ደሟ እያለቀ ነው። ልትሞት ነው። ኑ!»

ታላቁ የታክሲውን ተሳፋሪዎች መንገድ ላይ አውርዶ፣ ታናሹ ሲሚንቶ በለበሰ ቦቲው ከተፍ አሉ። ምንም ሳይጠይቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከብዙ ጭንቅ በኋላ አዋላጇ፣ «ተርፋለች። አንድ ሰው ይግባ» አለች። ሰበር ጸጉሩን በእጁ አስተካክሎ፣ ስልኩን ለፎቶ ደግኖ ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ገፋ አድርጋው ገባች።

እህቷ ከንፈሯ ኩበት መስሏል፤ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቷል።

«ወንድሞቼ መጡ?»

«መጡ የኔ እናት። ይሄ የሚንጠባጠብልሽ የነሱ ነው።»

«እሱስ?»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ውጪ ነው፤ ያወራል።»