አረቄ የጠጣው ማሽን

ጂንካ ውስጥ ሰው ያለ ባነር አይመረቅም፣ ያለ ባነር አይዳርም፣ ያለ ባነር አይሸኝም። ስብሰባ ሲጠራ ቀድሞ የሚደርሰው ባነሩ ነው፤ ሰብሳቢው ቢቀር እንኳ እሱ አይቀርም። ስብሰባው ሲበተን ደግሞ ባነሩ ሁለተኛ ኑሮውን ይጀምራል። አልዱባ ገበያ ላይ የቲማቲም ጥላ ይሆናል፤ ዲመካ ላይ የማሽላ ጆንያ ይሸፈንበታል፤ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ከተጻፈ መፈክር ሥር አንዲት ፍየል ከነግልገሎቿ ስታመሰኳ ትውላለች። የዞኑ ባነር ሁሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰፋ ኦሞን ከዳር እስከ ዳር ያለብሰዋል፤ ለዓሣዎቹም መፈክር ይተርፋል።

አብዛኛው በሶርሳ እጅ ያለፈ ነው። ሶርሳ ደርግ በወደቀ ማግስት ብሩሽና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ይዞ ከሳውላ የመጣ የማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። ለሥጋ ቤት የሳለው በሬ ከማማሩ የተነሣ ደንበኛው የተሰቀለውን ሥጋ ትቶ «ከግድግዳው ላይ ቁረጡልኝ» ይል ነበር ይባላል። ዓመታት አለፉ፤ ደምሰው የሚባል ነጋዴ ባለ ሁለት ሰው አልጋ የሚያክል የባነር ማተሚያ ከአዲስ አበባ አስጫነ። የሶርሳ ብሩሽ በዚያው ሰሞን ደረቀ። ማሽኑን ሊረግም ሄዶ ኦፕሬተሩ ሆኖ ተመለሰ።

ሚስቱ የሺመቤት ያረፈችው ልጃቸው ኤልዳና ጡት ሳትጥል ነው። ስታርፍ አንድ ቃል አስገብታዋለች። «ስትድራት እጇን ይዘህ ራስህ አድርሳት፤ ለዘመድ አትተዋት።» በሶርሳ ቤተ ክርስቲያን ሙሽሪትን ከበሩ እስከ መድረኩ እጇን ይዞ የሚያደርሳት አባቷ ነው። ሶርሳ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሳያምረው ያቺን ጥቂት ርምጃ ሲጠብቅ ኖረ። በመጨረሻ ኤልዳና ወይጦ ለሚያስተምር እዮብ ለሚባል ልጅ ታጨች፤ ቀኑም ተቆረጠ።

ማሽኑ የታመመው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ በፊደሎች መሃል ፀጉር የሚያክል ነጭ መስመር ታየ። ነጭ መስመር የሚታተምበትን ላስቲክ፣ ቪኒሉን፣ ቁልቁል ከተከተለ ጥፋቱን ከጥቅሉ ወይም ከሚጎትተው ጎማ ይፈልጉታል፤ አግድም ካቋረጠ ግን ጥፋቱ ቀለም የሚረጨው ሄድ ላይ ነው። ይሄ አግድም ነበር። ሶርሳ የሙከራ መስመር አሳተመ፤ ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ሆኖ ወጣ። ሮዙ ቀለም ጭራሽ የለም። ምክንያቱን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገውም፤ ኅትመት መሃል መብራት ሲጠፋ ሄዱ ክዳኑ ላይ ሳይመለስ ባለበት ይቀራል፣ ቀለሙም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይደርቃል። ጂንካ ላይ ደግሞ መብራት ሄደ ብሎ መናገር ነውር ነው፤ መጣ ሲባል ነው ወሬ የሚሆነው።

ሮዝ በመጥፋቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፎቶ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ባነሩ በተሰቀለ በማግስቱ ግማሹ ሠራተኛ ብርቱካን ይዞ ቤቱ ሊጠይቀው ሄደ ይላሉ።

የማጠቢያው ፈሳሽ አልቋል። አዲሱን የጫነው መኪና የወይጦን መንገድ ጎርፍ ቆርጦበት ከወዲያ ማዶ ቆሟል። የፋርማሲውን አልኮል ማሽኑ ጨርሶታል። የኤልዳና የሠርግ ባነርም ተራ ይጠብቃል።

«ማሽን ቆሞ እንዳላይ» አለ ደምሰው።

«በምን ልጠበው?»

«የፈለግከውን አድርግ። እንዴት እንደምታደርገው ግን አትንገረኝ።»

ሶርሳ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ወደ ተዋበች አረቄ ቤት ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ መጠጥ ስለማትፈቅድ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ የሚያዞር ሰው ነው። ጮክ ብሎ መጠየቅ አፍሮ በሹክሹክታ «ብርቱውን» አላት።

«ዳግሙን ነው? ምንህን አሞህ ነው?»

«ለማሽን ነው።»

«እሺ» አለች ተዋበች ጠርሙሱን እየወለወለች። «እዚህ የሚመጣ ሁሉ ለራሴ ነው ብሎኝ አያውቅም። አንዱ ለሆዴ ትል ይላል፣ ሌላው ለአማቴ ቁርጥማት። ለማሽን ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ክዳኑ ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። «ይኸው። ይሄ ሞተርም ያስነሳል።»

ሶርሳ ሱቁን ዘግቶ ሥራ ጀመረ። አረቄውን በሄዱ ውስጥ የሚገፋበት መርፌ ተሰንጥቆ ስለነበር በቀጭኗ ቱቦ በአፉ ሳበው። ቀዳዳው ድንገት ሲከፈት ጠብታ ምላሱ ላይ ወጣች። ወዲያው ተፋ፤ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ለማንኛውም ጸለየ።

ማሽኑ ግን ተሽሎት ዋለ። ሮዙ መጣ፤ ማበጠሪያው ጥርስ አበቀለ። ሶርሳ በደስታ ሠርግ ሳይደርስ አለቀሰ። በማግስቱ ግን መስመሩ ከነወንድሞቹ ተመለሰ። አረቄ ውሃ አለበት፤ የባነር ቀለም ደግሞ ውሃን እንደ ባላንጣ ነው የሚያየው፤ ሁለቱ ቀዳዳው ውስጥ ተናንቀው እንደ ተልባ ተጣብቀው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሚረዳው ሄድ መቀየር እንጂ ማጠብ አልነበረም።

ማሽኑ በዚህ ላይ ሳለ ወሬው ደግሞ መንገድ ጀምሯል። ሶርሳ በኮቱ ሥር ጠርሙስ ይዞ ሲወጣ አንዲት የመዘምራን ሴት አይታዋለች። ያቺ ጠርሙስ የድሮውን አየር ማረፊያ ሜዳ ስትሻገር ጀሪካን ሆነች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ በርሜል ነበረች። ሽማግሌዎች ጠሩት። የሚመሯቸው ጋሽ ኤርጎ ናቸው፤ ዝንብ ሲያባርሩ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ ደግ ሰው።

«ወንድም ሶርሳ፣ አረቄ ገዝተሃል?»

«ገዝቻለሁ። ለማሽን ነው።»

«ማሽኑ ይጠጣል?»

«ይታጠብበታል እንጂ።»

«አንተስ? አፍህ ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?»

አልገባም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሶርሳ ግን በጌታ ቤት ተቀምጦ መዋሸት አልሆነለትም። «ጠብታ ገብቷል። ወዲያው ተፋሁት።»

«ከመትፋትህ በፊት የት ነበረች?»

«አፌ ውስጥ።»

ጋሽ ኤርጎ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶርሳ ተዋበች ትጠየቅልኝ አለ፤ የአረቄ ሻጭ ምስክርነት በጉባኤ አይቀርብም ተባለ። እንግዲያው ደምሰው ይጠየቅ አለ። ደምሰው መጥቶ ሶርሳን ሳያይ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር እያየ፣ «እኛ ቤት ማሽን የሚታጠበው በኦርጅናል ኬሚካል ነው» አለ። የመሥሪያ ቤት ሥራ ሁሉ የሚመጣው እሱ ጋ ነው፤ በአረቄ ያጥባሉ ከተባለ ማን ያሠራዋል።

ፍርዱ አጭር ነበር። ሶርሳ በጉባኤ ፊት ኃጢአቱን ተናዞ ንስሐ ከገባ ይመለሳል። ካልሆነ ከኅብረት ይታገዳል፤ የታገደ ሰው ደግሞ መድረክ አይረግጥም፤ ልጅቷን አጎቷ ያደርሳታል።

ቤቱ ገብቶ ለኤልዳና ነገራት።

«አባዬ፣ ጠጥቻለሁ በልና ይለፍ» አለችው።

«አልጠጣሁም እኮ።»

«አውቃለሁ። ብትጠጣም እኮ አልፈርድብህም። ብቻህን ነው ያሳደግከኝ።»

ሶርሳ ደምሰውን ችሎት ነበር፣ ጋሽ ኤርጎንም ችሏቸው ነበር። ይህችን ቃል ግን ዋጣት እንጂ አልቻላትም።

እሑድ ቆመና ጠጥቻለሁ አለ። ከመቼ ጀምሮ ሲሉት የሺመቤት ካረፈች ጀምሮ አለ፤ ሌላ ቀን አልመጣለትም። የሙት ሚስቱን ስም ለውሸቱ ጠርሙስ ቡሽ አደረገው። ውሸት ለምዶ ስለማያውቅ አንዴ ከጀመረ ልኩን አጣው፤ በሬ ይስልበት በነበረው እጁ ስካርን ሳለው፤ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ አጥር ሲደገፍ። ጉባኤው እንባውን አፈሰሰ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሁለት እውነተኛ ጠጪዎች፣ እኛ ገና ጀማሪዎች ነን ማለት ነው ተባብለው ተጽናንተው ወጡ።

ሠርጉ ደረሰ። ሶርሳ የልጁን እጅ ይዞ ከበሩ እስከ መድረኩ አደረሳት፤ ቃሉንም ፈጸመ። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ራሱ ያተመው ባነር ነው። ሙሽሮቹ እንደ ማጎ ፓርክ የሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ሆነው፣ ፊታቸው አረንጓዴ፣ አንድ ነጭ መስመር የኤልዳናን ሁለት ዓይን አቋርጦ ያልፋል። የእዮብ እናት ሶርሳን ጉንጭና ጉንጩን ሳሙት፤ በሦስተኛው ላይ ረዘም አድርገው አሸተቱት።

ሠርጉ ባለፈ ሰሞን መንገዱ ተከፈተ፤ አዲስ ሄድ መጣ፤ ከነማጠቢያው። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያኗ ስለ መጠጥ ጎጂነት ትልቅ ጉባኤ አዘጋጀች። ጋሽ ኤርጎ ፊታቸው በርቶ ሱቁ ድረስ መጡ።

«ወንድም ሶርሳ፣ ምስክርነትህ ብዙዎችን እያነሣ ነው። ፎቶህን በመሃል አድርግና ከላዩ ‹ከአረቄ እስራት ነፃ የወጣው ወንድማችን› በልበት። ከራስህ የተሻለ ማን ያትመዋል?»

አተመው። ማሽኑ ያን ቀን እንደ ልማዱ አላንገራገረም፤ መብራት እንኳ አልጠፋም። ሮዙ ሮዝ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ የሶርሳ ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ ወዲህ እንዲህ ያለ ባነር አልተሠራም ብሎ ደምሰው ደንበኛ ሁሉ እየጠራ አሳየ።

ጉባኤው ተበተነ፤ ባነሩም እንደ ወገኖቹ ሁለተኛ ኑሮውን ለመጀመር ገበያ ወጣ።

ክረምቱ እየገባ ሳለ ሶርሳ ከሥራ ሲመለስ ዶፍ ያዘውና ከተዋበች በር ተጠለለ። ቀና ሲል ራሱን አየ። ግቢው ውስጥ ከአራት እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ፣ ለጠጪዎቹ ዝናብ ይከላከላል።

«ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ» አለችው ተዋበች። «ላስቲክ አጥቼ ነው የገዛሁት፤ አትቀየመኝ።» ወደ ጠጪዎቹ ዞረች። «ይሄ ሰውዬ እዚህ ቤት አንዲት መለኪያ ቀምሶ አያውቅም። የጠየቀኝ የለም እንጂ በእናቴ እምልለት ነበር።»

ጠጪዎቹ ባነሩን አዩ፣ ሶርሳን አዩ፣ ተሳሳቁ። «ተዪ ተዋቡ፣ ራሱ ጽፎ የሰቀለውን» አለ አንዱ።

ሶርሳ ኦፕሬተር ነውና ዓይኑ ከልማዱ ፊቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች መረመረ፤ የተቆረጠ፣ የደበዘዘ ፈለገ። አንዲት ነጭ መስመር አልነበረችበትም።