በመልካ ጀብዱ መንገድ ከኋላዬ የመጣው ብስክሌት

ልጅ እያለሁ ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ኑረዲን ነበር። የአባቴ ብስክሌት ለእኔ ቁመት በጣም ረጅም ስለነበረች ኮርቻው ላይ መቀመጥ አልችልም፤ ቀኝ እግሬን በአግዳሚው ብረት ሥር አሾልኬ፣ ወገቤን ወደ አንድ ጎን አጣምሜ ነበር የምነዳት። ኑረዲን ከኋላ ይዞኝ ይሮጥና ሳልሰማው ይለቀኛል። መልቀቁን የማውቀው ሳቁ ከሩቅ ሲመጣ ነው። ድሬ ሜዳ ናት፤ አንዴ ከተነሡ ጉልበት አትጠይቅም። ዝናብ የጣለ ማግስት የረጠበው አሸዋ ሽታ፣ ከባቡር ጣቢያው በኩል የሚመጣው የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ተቀላቅሎ ዛሬም አለ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ያ ሳቅ ከቤታችን ጠፋ። ጎረምሶችን ከመንገድና ከየቤቱ እየለቀሙ ወደ ጦር ሜዳ የሚልኩበት ጊዜ ነበር፤ ሰዉ "አፈሳ" ይለዋል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ የልጆቻቸውን ስም በሹክሹክታ ነበር የሚጠሩት። ኑረዲን አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ እማ በመልካ ጀብዱ በኩል የብርቱካን እርሻ ወዳለው አጎቷ ዘንድ ደበቀችው። አጎቷን ሁላችንም በአክብሮት አው ሙሜ እንለዋለን። ለጎረቤት "ናዝሬት ዘመድ ጋ ሄዷል" ተባለ። እውነቱን የምናውቀው አባቴ፣ እማና እኔ ብቻ ነበርን፤ ወይም እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የምንፈራው ጋሽ ወርቁን ነው። ቤቱ ከእኛ ሦስተኛው ነው። ድሮ የፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ በበዓል ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ የሚያድል ሰው ነበር አሉ። እኔ የማውቀው ግን ካኪ ለብሶና ጠመንጃ አንግቶ የሚዞረውን የቀበሌውን የጥበቃ ኃላፊ ነው። ከሁለት ወር በፊት የልብስ ሰፊውን አንድያ ልጅ ከአልጋው ሲያስነሡት ፊት ለፊት የቆመው እሱ ነበር። የእናትየው ጩኸት ግድግዳ አልፎ እኛ ቤት ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ወርቁን ኮቴ ስሰማ ሮጬ በር እዘጋለሁ።

አንድ የክረምት ጠዋት፣ ጎርፉ ሲያጓራ ባደረ ማግስት፣ ጋሽ ወርቁ በራችንን አንኳኳ። አልገባም። እማን ኑረዲን የት እንዳለ ጠየቃት፤ ናዝሬት መሆኑን ነገረችው። እሱም መሬት መሬት እያየ፣

"ዘይነባ፣ ዛሬ መኪኖቹ በመልካ ጀብዱ በኩል ይወጣሉ። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ካወቅሽ ንገሪው" አላት።

ይህን ብሎ ሄደ። እማ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ማስጠንቀቁ ይሁን ወጥመድ መዘርጋቱ አልገባትም። ደንግጠን ወደ ኑረዲን ብንሮጥ ተከትሎ ሊይዘው ይችላል፤ ዝም ብንል ደግሞ መኪኖቹ ይደርሳሉ። የባቡር ሠራተኛው አባቴ በጅቡቲው መሥመር ከወጣ ሁለት ቀኑ ነው። እሷ ብትነሣ ሰፈሩ ሁሉ ያያታል። በመጨረሻ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። የአባትሽን ብስክሌት ውሰጂ አለችኝ፤ ማንም ቢጠይቅሽ ለእናቴ ሎሚ ላመጣ ነው በይ፣ ለኑረዲን "እማ አሁኑኑ ውጣ ብላለች" በይው፣ ሌላ አትናገሪ። ሻሼን አጥብቃ አሰረችልኝ።

ከተማውን እስክወጣ ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ተከፈተ። የሌሊቱ ጎርፍ ዳር እስከ ዳር ተንጣሎ መንገዱ በሁለት ኩሬ መሐል እንደተጋደመ ግድብ ሆኖ ነበር። በስተቀኝ የተኛ ሣርና ረግረግ፣ በስተግራ እግሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ማሽላ፤ እግራቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎች በጭቃው ውስጥ ይራመዳሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አያቸው ነበር። ያን ዕለት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ ሰው መደበቂያ የለውም። የምሄድበት ሁሉ ከሩቅ ይታያል።

ዞር ስል ከኋላዬ አንድ ብስክሌት አየሁ። ሩቅ ነው፣ እንደ ዝንብ። መንገደኛ ነው ብዬ ነዳሁ። ትንሽ ቆይቼ ስዞር ቀርቧል። ካቴናው የወለቀብኝ መስዬ ወረድኩና ጎንበስ ብዬ በብብቴ ሥር አየሁት። እሱም ቆመ። ካኪ ሸሚዝ ለብሷል። ትከሻው ሰፊ ነው። ጋሽ ወርቁ ነበር። ጠመንጃ አልያዘም፤ ይህን ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። ወጥመድ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ወደ ወንድሜ እየመራሁት ያለሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ፊት ለፊቴ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ አው ሙሜ እርሻ ይወስዳል፤ ግራው በማሽላው መሐል ረግረጉ ውስጥ ይገባል። ማንንም ሳላማክር፣ የማማክረውም ሳይኖር፣ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ጎማው ወዲያው ጭቃ ነከሰ። ብስክሌቷን ገፋኋት፤ ውሃው ጉልበቴን አለፈ፤ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ወደ ኋላ ባየሁ ቁጥር እሱ አለ። በመጨረሻ ማሽላው ውስጥ ውሃ ያልደረሰበት ከፍታ አግኝቼ ብስክሌቷን አጋደምኩና አጠገቧ በሆዴ ተኛሁ። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ዝም በማለታቸው የሚያሳብቁብኝ መሰለኝ።

መጣ። ሲያለከልክ ይሰማኛል። የብስክሌቱን መሪ ይዞ ቆመ።

"ፈቲያ" አለ። "ፈቲያ፣ ልጄ፣ አትፍሪኝ። አልነካሽም።"

ድምፁ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። የሻሼን ጫፍ ነክሼ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠራኝ። ቀጥሎ ውሃውን እየረገጠ ወደ ረግረጉ ውስጥ አለፈ። ኮቴው ሲርቅ ተነሥቼ ብስክሌቷን በቦዩ ዳር ዳር እየጎተትኩ ወደ እርሻው አቀናሁ።

ስደርስ አው ሙሜና ኑረዲን የውሃ ሞተሩ ቤት ደጃፍ ነበሩ። እንዳዩኝ ሁለቱም ቆሙ። የእማን መልእክት ተናገርኩ፤ ጋሽ ወርቁ ሲከተለኝ እንደነበርና በረግረጉ እንዳሳሳትኩት ጨመርኩ። እንዲመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር። ኑረዲን ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሰለሞን እኮ እዚህ ከእኔ ጋር ነው ያለው" አለ። ሰለሞን የጋሽ ወርቁ ልጅ ነው። "ዳቦ ሊገዛ አሁን ወጣ። ግማሽ ሰዓትም አይሆነው።"

ነገሩ በጥድፊያ ነበር የተነገረኝ። ሰለሞን ከአፈሳው ብቻ ሳይሆን ከአባቱም ነበር የተደበቀው። ያለበትን የምታውቀው እናቱ እትዬ አበበች ናት፤ እሷም ብትሆን ባሏን ስላላመነችው አልነገረችውም። አባትየው ልጁ በዚህ አቅጣጫ መሆኑን ከመገመት በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ እኔን የተከተለውም ልጁን ፈልጎ ለማስጠንቀቅ ነበር። ይህን ሁሉ እየነገረኝ ሳለ የካሚዮን ድምፅ ተሰማ። ኑረዲን ሰለሞንን ሊጠራ ወደ መንገዱ ሊሮጥ ሲል አው ሙሜ ወገቡን አቅፎ በግድ ወደ ቦዩ ገፋው። ወንድሜ በብርቱካኑ መሐል እየተሽሎከለከ ወደ ሐዲዱ ሲሮጥ ጀርባውን አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለስምንት ዓመት አላየሁትም።

መኪኖቹ ካለፉ በኋላ አው ሙሜ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ጋሽ ወርቁ መገንጠያው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ልሸሽ አልቻልኩም።

"ደረስሽ?" አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሰለሞንስ?"

የብስክሌቷን መሪ አጥብቄ ያዝኩ። አልደገመም። መኪኖቹ በፊቱ ነው ያለፉት፤ ሸራው ውስጥ ማን እንዳለ አይቶ እንደሆን እስከዛሬ አላውቅም። ተነሥቶ ብስክሌቱን እየገፋ ከፊቴ ሄደ። ከተማ እስክንገባ ከኋላው በእግሬ ተከተልኩት።

አባቴ የባቡር ጓደኞቹን ለምኖ ኑረዲንን ጅቡቲ አሻገረው። ሰለሞን ግን ያን ዕለት ተይዞ ኖሮ፣ ከሰሜን ጦር ግንባር ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውም ጠፋ። ጋሽ ወርቁ ካኪውን ለብሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ምን ምርጫ ነበረው? ባየኝ ቁጥር ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እኔ ግን መንገድ እቀይራለሁ። የሚያስፈራኝ ጠመንጃው አልነበረም። አንድ ቀን "ለምን?" ይለኛል ብዬ ነበር።

መንግሥት ተቀይሮ፣ እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ አንድ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሌባ ቃሉን እንደሚሰጥ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ፣

"ማሽላው ሲነቃነቅ አይቼዋለሁ" አለ። "ከዚያ በላይ ባስፈራሽ ልብሽ የሚቆም መሰለኝ። ደግሞም እኔ እያለሁ እንደማትንቀሳቀሺ ገባኝ። እኔ ልለፍና እሷ ትድረስ ብዬ ነው የሄድኩት።"

ላለቅስ ስል እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "የልብስ ሰፊውን ልጅ ያስወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ። "አንቺ ምን አድርጊ ነው? በምን ታምኚኛለሽ?"

ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ፋብሪካና መጋዘን ተሠርቷል። ባጃጁ ይጋፋል፤ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ በሚያብረቀርቁ ብስክሌቶች እየተሽቀዳደሙ መልካ ጀብዱ ደርሰው ይመለሳሉ። ለእነሱ ሜዳው ሜዳ ብቻ ነው፤ ነፋሱም ነፋስ። የዛሬ ሥራ አጥነቱንና የኑሮ ውድነቱን አላጣሁትም፤ ቢሆንም ሳያቸው እቀናለሁ። እኛ በዚያ ዕድሜያችን መጀመሪያ የተማርነው ጎረቤትን መጠርጠር ነበር፤ እናት ከአባት፣ ልጅ ከወላጁ ተደብቆ ያደርን ትውልድ ነን።

ጋሽ ወርቁ አምና አረፈ። ኑረዲን ከጅቡቲ በባቡር መጣ፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ሰፈርተኛው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ድንኳኑን ሞላው። በሩ ላይ ቆሞ ለቀስተኛ የሚቀበል ወንድ ልጅ አልነበረም። ኑረዲን ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ እዚያ ቆመ፤ ሦስቱንም ቀን አልተቀመጠም። ከሩቅ የመጡት "ልጁ ነው?" ብለው እትዬ አበበችን ሲጠይቋት "አዎ፣ ልጁ ነው" ትላቸው ነበር።