ተዝካሩ የተበላለት ሰው

ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም ከነዋሪዎች የመረጃ ቋት ጋር ሊያገናኝ ወደ ራቤል ከተማ የመጣው ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም። የሚጽፈው በግራው ነው። ጢሙ ፊቱን ውጦታል። መዝገብ ቤት የምትሠራውን ምንዳዬን የገረማት ግን ሌላ ነው፤ ግንኙነቱ በተሳካ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው ያንኑ የአንድ ሰው ስም ነው።

ዛሬም ያው ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከጎኑ «ሟች» ይላል።

«እሱን እንኳ ተወው ወንድሜ። ቀየት የምትኖረው እኅቴ ጎረቤት ነበር፤ ጦርነት ሄዶ በዚያው ቀረ» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ተዝካሩን በልቼ! ሚስቱ ፊቷን ስትነጭ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። ኋላ ሰው መክሯት አገባች። ይኸው አሁን አራስ ናት።»

ጣቶቹ የኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ቀሩ። አንዲት ቃል ብቻ ቢለውጥ አንድ ሰው ከሙታን ይነሣል። ምንዳዬ ቀና ብላ አየችው፤ እንባው ጢሙ ውስጥ እየጠፋ ይወርዳል።

አማተበች። «በስመ አብ! አንተው ነህ?»

«ዝም በይ እቴ፤ አራስ አታስደንግጪ» አለና፣ ምንም ሳይለውጥ ግንኙነቱን ዘጋው።